የአልኮል ሱስ መደጋገፊያ ቡድን፦ አፈላለጉና የስብሰባው አካሄድ

መጠጥ ለማቆም የወሰነ ወይም ለመወሰን የተቃረበ ሰው ስለ መደጋገፊያ ቡድኖች ሲያጠያይቅ በመጀመሪያ ለማወቅ የሚሻው የትኛው ቡድን የተሻለ እንደሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ግን አለ። አምሮቱ ሲበረታ፣ ድካሙና ሐፍረቱ ተደምረው ከቤት መውጣትን ሲያከብዱ፣ ብዙ ሳይዘጋጁ ሊደርሱበት የሚችሉት ስብሰባ የትኛው ነው? በአስተሳሰቡ እጅግ የሚስማማዎ ነገር ግን በወር አንድ ጊዜ ብቻ በሩቅ ቦታ የሚሰበሰብ ቡድን፣ በከፊል ብቻ ከሚስማማዎና በሳምንት ሦስት ቀን በአቅራቢያዎ ከሚገናኝ ቡድን ያነሰ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ምክር በአብዛኛው ከዚህ ግምት የሚነሣ ነው።

እንዲህ ያለ ቡድን ያስፈልገኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም የሚል ሰው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን «ኦዲት» የተባለ ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ ሞልቶ ራሱን መመዘን ይችላል፤ ከ40 ነጥብ 8ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ ለጤናው አስጊ ወደ መሆን ደርሷል ተብሎ ይታሰባል። ይህ ውጤት የሐኪምን ምርመራ አይተካም። ወደ ቡድን ለመሄድም ምንም ዓይነት ነጥብ ወይም ማስረጃ አይጠየቅም።

በቅድሚያ የሐኪም ጉዳይ

ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ለከባድ አደጋ ሊጋለጥ ይችላል። አልኮል የነርቭ ሥርዓትን ያቀዘቅዛል፤ አንጎልም ይህን ለማካካስ ከወትሮው በበለጠ ንቁ ሆኖ መሥራትን ይለምዳል፤ መጠጡ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ የሚያቀዘቅዘው ነገር ይጠፋና ከልክ ያለፈው ንቃት ብቻውን ይቀራል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ሊታዩ ይችላሉ፤ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ራስን የሚያስት መንፈራገጥ ሊከሰት ይችላል፤ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ በጥቂት ሰዎች ላይ የሌለ ነገር ማየትና መስማት፣ ትኩሳትና ከባድ የአእምሮ መዛባት ይደርሳል። ይህ የመጨረሻው ካልታከመ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ቀደም ሲል መጠጥ ሲያቆሙ መንፈራገጥ ወይም ቅዠት ያጋጠማችሁ፣ ጠዋት ሳትጠጡ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ያለባችሁ ሁሉ ከማቆማችሁ በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርባችኋል፤ ምልክቱ ከጀመረም የሚኬደው ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ነው። በመደጋገፊያ ቡድን ውስጥ ያሉ ሰዎች የቱንም ያህል ልምድ ቢኖራቸው ይህን ማከም አይችሉም።

ሐኪም መጎብኘትና ቡድን መቀላቀል ጎን ለጎን የሚሄዱ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ለመጀመር ሌላውን መጨረስ አያስፈልግም። ገና እየጠጣ ያለ ሰውም ቢሆን ለማቆም ፍላጎት እስካለው ድረስ በአብዛኞቹ ቡድኖች ተቀባይነት አለው። እንዲሁም ናልትሬክሶን፣ አካምፕሮሴት ወይም ዳይሰልፊራም የተባሉትን መድኃኒቶች ሐኪም አዝዞላችሁ ከሆነ፣ በስብሰባ ላይ «መድኃኒት የሚወስድ ሰው በእውነት አልተወም» የሚል አስተያየት ብትሰሙ እንኳ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ይህ አስተያየት የግለሰቦች ነው፤ ከቡድኖቹ ሁሉ በስፋት የሚታወቀው «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» ራሱ በሚያሳትማቸው ጽሑፎች አባላቱ እንደ ሐኪም ሆነው ምክር እንዳይሰጡ ያሳስባል።

የቡድኖቹ ዓይነት

በስፋት የሚታወቀው «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» ወይም በአጭሩ ኤኤ የሚባለው ማኅበር ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ ሲሆን መሥራቾቹ የአክሲዮን ገበያ ባለሙያው ቢል ዊልሰንና የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ናቸው። አጀማመሩ የማኅበሩን ባሕርይ ስለሚያስረዳ ማንሣቱ አይከፋም፤ ዊልሰን መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖት ለሥራ በሄደበት ከተማ ጉዳዩ ሳይሳካለት ቀርቶ አምሮቱ ሲነሣበት፣ እርሱን መሰል ሌላ ጠጪ አፈላልጎ ማነጋገር ራሱን ከመጠጥ እንደሚያድነው አስቦ ከስሚዝ ጋር ተገናኘ። ዛሬም የስብሰባው ዋና ነገር ይኸው ነው፦ ተመሳሳይ መከራ ያየ ሰው ለሌላው ይናገራል፤ ተናጋሪውም ከሰሚው ባላነሰ ይጠቀማል። አባላቱ ከመጠጥ ለመላቀቅ ደረጃ በደረጃ የሚከተሏቸው 12 እርምጃዎች እ.ኤ.አ. በ1939 በጽሑፍ ታትመው ወጡ፤ ቡድኖቹ የሚተዳደሩባቸው 12 መርሖዎች ደግሞ በ1950 በይፋ ጸደቁ። ከእነዚህ ለአዲስ ገቢ የሚጠቅሙት ሁለቱ ናቸው፦ አባል ለመሆን የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ቡድንም ከውጭ እርዳታ ሳይቀበል በአባላቱ በጎ መዋጮ ብቻ ይተዳደራል።

እርምጃዎቹ ስለ እግዚአብሔርና ከራስ ስለሚበልጥ ኃይል ይናገራሉ። ይህ አንዳንዱን ይስባል፤ አንዳንዱን ደግሞ ያርቃል። ማኅበሩ ራሱ ይህን ኃይል እያንዳንዱ ሰው በሚገባው መንገድ እንዲረዳው ይተዋል፤ ከየትኛውም የሃይማኖት ተቋም ጋርም አልተሳሰረም፤ በተግባር ግን የመንፈሳዊነቱ መጠን ከቡድን ቡድን እጅግ ይለያያል። በዚህ ምክንያት አንድ ስብሰባ አይቶ ስለ ማኅበሩ ሁሉ መደምደም ትክክል አይሆንም።

መንፈሳዊ መልክ የሌለው አካሄድ የሚመርጥ ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተውን «ስማርት ሪከቨሪ» መመልከት ይችላል። ይህ ቡድን ከሥነ ልቦና ሕክምና በተወሰዱ ዘዴዎች ላይ የቆመ ሲሆን አራት ጉዳዮችን ያስተምራል፦ ለማቆም የሚያነሣሣ ምክንያትን ማጽናት፣ አምሮትን መቋቋም፣ ሐሳብን ስሜትንና ድርጊትን መግራት፣ ሚዛኑን የጠበቀ ኑሮ መኖር። ስብሰባውን የሚመራው ሥልጠና የወሰደ አወያይ ነው። ለሴቶች ብቻ የተቋቋመው «ዊሜን ፎር ሶብራይቲ» የጀመረው በ1975 ነው። በክርስትና ላይ የተመሠረተው «ብሉ ክሮስ» ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል፤ በ1877 በስዊዘርላንድ ጄኔቫ ፓስተር ሉዊ ሉሲየን ሮሻ የመሠረተው ነው። ከእነዚህ ውጭ በሆስፒታሎችና በማገገሚያ ማዕከላት በባለሙያ የሚመሩ የቡድን ሕክምናዎች አሉ፤ እነዚህ የተወሰነ የጊዜ ገደብና ብዙ ጊዜም ክፍያ ያላቸው ስለሆኑ ከመደጋገፊያ ቡድን ይለያሉ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይይዝም።

ውጤታማነትን በተመለከተ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የጥናቶች ግምገማ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች መርምሮ፣ ኤኤና ሰዎችን ወደ ኤኤ የሚያሸጋግሩ የተደራጁ ሕክምናዎች ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እንደማያንሱ፣ ሙሉ በሙሉ ከመጠጥ በመታቀብ ረገድ ደግሞ እንደሚበልጡ አሳይቷል። ይህን ሌሎቹ ቡድኖች አይጠቅሙም ብሎ መተርጎም ግን ስሕተት ነው፤ ሌሎቹ የተጠኑት በጣም በጥቂቱ ነው።

ፍለጋው

አስተማማኙ መነሻ የየማኅበሩ ዓለም አቀፍ ድረ ገጽ ነው፤ ከዚያ ወደ አገሩ ወይም ወደ አካባቢው ቢሮ ይመራል፤ የስብሰባ ቦታ፣ ቀንና ሰዓትም ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል። ኤኤ «ሚቲንግ ጋይድ» የተባለ በነጻ የሚጫን የስልክ መተግበሪያም አለው። ሁለተኛው መንገድ የጤና ባለሙያን መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ የጥያቄው አቀራረብ ለውጥ ያመጣል፤ «ቡድን መኖሩን ያውቃሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ባለሙያ አንድ ስም ጠቅሶ ሊያልፍ ይችላል፤ «ሌሎች ታካሚዎችዎ የሚሄዱት የት ነው? ተመልሰው ምን አሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ግን የሚያውቀውን በዝርዝር ይናገራል። የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞችና የእምነት ተቋማትም ብዙ ጊዜ መረጃው አላቸው፤ የስብሰባው አዳራሽ የእነርሱ የሆነበት ጊዜም ጥቂት አይደለም።

አድራሻው ከተገኘ በኋላ ሳይደውሉ መሄድ አይመከርም። ቡድኖቹ በበጎ ፈቃደኞች ስለሚንቀሳቀሱ ቀንና ቦታ ሲቀየር በዝርዝሩ ላይ የሚታረመው ዘግይቶ ነው፤ ለመሄድ ብርቱ ድፍረት የጠየቀው ሰው የተዘጋ በር ሲያገኝ ደግሞ ተመልሶ የመሞከር ዕድሉ ይቀንሳል። በስልኩ ስምዎን መናገር አይጠበቅብዎትም። ስብሰባው አሁንም በዚያው ሰዓት መኖሩን፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚካሄድ፣ የመግቢያው በር በየት በኩል እንደሆነና ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን ይጠይቁ። ክፍት የሚባለው ቤተሰብ፣ ወዳጅ፣ ተማሪ ወይም ጉዳዩን ለማወቅ የፈለገ ማንኛውም ሰው ሊገኝበት የሚችል ስብሰባ ነው፤ ዝግ የሚባለው መጠጥ ለማቆም ለሚፈልጉ ሰዎች ብቻ የተለየ ነው። ብቻዎን መግባት ከከበደዎ ክፍቱን መርጠው ከሚያምኑት ሰው ጋር ይሂዱ። ብዙ ጊዜም የሚደወልላቸው ሰዎች አንድ አባል በሩ ላይ እንዲጠብቅዎ ለማድረግ ፈቃደኞች ናቸው፤ ይህን መጠየቅ እንደ ማስቸገር አይቆጠርም።

በአካባቢዎ ምንም ቡድን ከሌለ በቪዲዮ ወይም በድምፅ ብቻ የሚካሄዱ የበይነመረብ ስብሰባዎች በቀን በሁሉም ሰዓት ማለት ይቻላል ይገኛሉ። ካሜራውን መዝጋትና የሚታየውን ስም ማሳጠር ይፈቀዳል፤ ከመግባትዎ በፊት ግን ሙሉ ስምዎና ፎቶግራፍዎ በመለያዎ ላይ አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ የብዙዎች ማንነት ያለ ሐሳባቸው የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። የበይነመረብ ስብሰባ ጠቃሚ ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ወራት በአካል የሚገኝ ቢያንስ አንድ ሰው መኖሩ የበለጠ ያጸናል ብዬ አምናለሁ፤ ስክሪን ለመዝጋት አንድ ጣት ይበቃልና። በኤኤ ልማድ ከመጠጥ ነጻ ለመውጣት ሲሉ የተሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ራሳቸውን ቡድን ብለው መጥራት ስለሚችሉ፣ ሌላ አንድ ሰው ያገኘ ሰው አዲስ ቡድን መጀመርም ይችላል።

በፍለጋው መሐል ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠይቅ፣ የሚሸጥ መድኃኒት ወይም ቅመም ያለው፣ መታወቂያ እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ወይም በተወሰኑ ቀናት ፍጹም ፈውስ እንደሚሰጥ የሚምል «ቡድን» ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ።

የመጀመሪያው ስብሰባ

ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ይመረጣል፤ ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ መግባት ዓይንን ስለሚስብ ዓይነ አፋር ለሆነ ሰው ይከብዳል። ስልክዎን ድምፅ አልባ ያድርጉ። ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የኤኤ ስብሰባ በአጭር ንባብ ይጀምራል፤ ከዚያ እንደ ስብሰባው ዓይነት አንድ ሰው ታሪኩን ይተርካል፣ ወይም በአንድ ርዕስ ወይም በአንደኛው እርምጃ ላይ ተራ በተራ ይነገራል። አዲስ ሰው መኖሩ ሊጠየቅ ይችላል፤ እጅ ማንሣት ግዴታ አይደለም። ተራው ሲደርስዎ «ስሜ እገሌ ነው፤ ዛሬ ማዳመጥ ብቻ ነው የምፈልገው» ማለት ፈጽሞ በቂ ነው፤ ምክንያት የሚጠይቅ የለም። የአባት ስም አይነገርም። «እኔ ሱሰኛ ነኝ» ብሎ ራስን ማስተዋወቅም የብዙዎች ልማድ ነው እንጂ መግቢያ ሁኔታ አይደለም።

በኤኤ ስብሰባ አንዱ ሲናገር ሌላው ጣልቃ ገብቶ አይመክርም፣ አይከራከርም፤ አዲስ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ዝምታ ሲገጥመው ቅር ሊሰኝ ይችላል፤ ዝምታው ግን የአክብሮት ደንብ ነው። በስማርት ሪከቨሪ ግን ተሳታፊዎች እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ አወያዩም ችግሩን ለመፍታት የሚረዳ ጥያቄ ያቀርባል። የመዋጮ ቅርጫት ሲዞር አዲስ ገቢ ዝም ብሎ ማሳለፍ ይችላል። በመክፈቻ ወይም በመዝጊያ ጸሎት የሚደረግ ከሆነና ከእምነትዎ ጋር የማይሄድ ከሆነ በጸጥታ መቆም ወይም መቀመጥ ይበቃል። ጠጥተው ከሄዱ ብዙ ቡድኖች አያስወጡዎትም፤ ሆኖም መኪና አይንዱ፣ በዚያ ዕለትም ሰሚ ሆነው ይቆዩ።

የሚያውቁት ሰው እዚያ ቢገኝስ? ይህ ፍርሃት ብዙዎችን ከበር የሚመልስ ነው። እዚያ የተገኘው ሰው የመጣው እርስዎ በመጡበት ምክንያት መሆኑን፣ የእርስዎን ምስጢር መጠበቅም የራሱን መጠበቅ እንደሆነ ማሰብ ፍርሃቱን ያቀለዋል። ቢሆንም ምስጢር ጠባቂነት በቃል ኪዳን ላይ የቆመ እንጂ እንደ ሐኪም ሕጋዊ ግዴታ የሌለበት ስለሆነ፣ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይዎን ወይም ሌላውን ሰው የሚጎዳ ዝርዝር በጉባኤ ከመናገር ይልቅ ለጠበቃ ወይም ለባለሙያ ማስቀመጡ ይሻላል።

ከስብሰባው በኋላ

ስብሰባው እንዳበቃ ወጥቶ መሄድ ያስመኛል፤ አትሂዱ። ወንበር ሲሰበሰብ፣ በር ላይ ሲቆም የሚደረገው የአሥር ደቂቃ ወሬ ከስብሰባው ባልተናነሰ ይጠቅማል፤ የስልክ ቁጥር የሚገኘውም ያኔ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር ከተቀበሉ በኋላ በማግሥቱ ለአንዱ ይደውሉ፤ የሚናገሩት ጉዳይ ባይኖርም «ቁጥሩን ልሞክር ብዬ ነው» ማለት ይበቃል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መጠጡ በእጅ ባለበት ሰዓት ለማያውቁት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መደወል እጅግ ይከብዳል፤ ቀድሞ የተደወለበት ቁጥር ግን አይከብድም።

በኤኤና በመሰሎቹ ስፖንሰር የሚባል ሰው አለ፤ ቀደም ብሎ መጠጥ ያቆመ፣ እርምጃዎቹን ያለፈባቸውና አዲሱን ሰው በግል የሚረዳ አባል ነው። ክፍያ አይቀበልም፤ ሐኪምም የገንዘብ አበዳሪም አይደለም። ብዙ ቡድኖች ቢያንስ አንድ ዓመት ከመጠጥ የራቀና ከእርስዎ ጋር የፍቅር ግንኙነት ይፈጥራል ተብሎ የማይጠረጠር ሰው እንዲመረጥ ይመክራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት መቸኮል አያስፈልግም፤ ጥቂት ስብሰባዎችን ሰምተው ንግግሩ ከኑሮው ጋር የሚገጥም የሚመስልዎትን ሰው ይጠይቁ። የማይስማማ ከሆነም አመስግኖ መለወጥ የተለመደ ነው። ስማርት ሪከቨሪ የስፖንሰር ሥርዓት የለውም።

ቡድኑን መመዘን

ቢያንስ ሦስት ወይም አራት የተለያዩ ስብሰባዎችን ሳያዩ አይወስኑ፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ቡድኖች በቀን፣ በአባላት ዕድሜና በአነጋገር እጅግ ይለያያሉ። አንዳንድ አባላት «በ90 ቀን 90 ስብሰባ» ሲሉ ይሰማሉ፤ ይህ ልማዳዊ ምክር ነው፤ ሥራና ልጆች ያሉት ሰው ስላልቻለ እንደ ወደቀ ሊቆጥረው አይገባም። ጤናማ ቡድን ውስጥ ብዙ ዓመት የቆዩም ትናንት የመጡም ሰዎች ይገኛሉ፤ አንድ ሰው ብቻውን ሁልጊዜ አይመራም፤ ስለ ሌሎች ቡድኖች በንቀት አይነገርም። በአንጻሩ አዲስ ገቢን በፍቅር ስም የሚቀርብ፣ ብድር የሚጠይቅ፣ መድኃኒት ተው የሚል ወይም የሰማውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ሰው ካለና ነባሮቹ ዝም ካሉ ወደ ሌላ ቡድን ይዙሩ። ቡድን መቀየር ማገገምን መተው አይደለም፤ አንዱን ቡድን ትቶ ሌላ ሳይተኩ መቅረት ግን አደገኛ ነው።

ቢያገረሽብዎ የሚቀጥለው ስብሰባ የማይቀርበት ይሁን። ከመጠጥ የራቁበትን ጊዜ መቁጠር እንደገና ይጀመራል፤ የተማሩት ግን አይጠፋም፤ ለብዙ ቀናት በተከታታይ ጠጥተው ከሆነም በድጋሚ ማቆም ከቀድሞው የባሰ የሰውነት ቀውስ ሊያስከትል ስለሚችል ሐኪም ይቅደም።

ለቤተሰብ ደግሞ የራሱ ስብሰባ አለ። እ.ኤ.አ. በ1951 የቢል ዊልሰን ባለቤት ሎይስ ከአንዲት ባልንጀራዋ ጋር የመሠረተችው «አል አኖን» ለጠጪው ሰው ዘመዶችና ወዳጆች ሲሆን «አላቲን» ደግሞ በአብዛኛው ለወጣቶች የተዘጋጀ ክፍሉ ነው። ጠጪው ለማቆም ፈቃደኛ ባይሆንም ቤተሰቡ ብቻውን መሄድ ይችላል፤ ብዙዎች የሚጀምሩትም እንዲሁ ነው።

ለጥቂት ሳምንታት ያለማቋረጥ ከሄዱ በኋላ በቡድኑ ውስጥ አነስተኛ ኃላፊነት ይጠይቁ፦ ወንበር መደርደር፣ አዲስ የሚመጣውን በር ላይ መቀበል፣ የአዳራሹን ቁልፍ መያዝ። ሥራው ትንሽ ቢሆንም ስሜቱ የማይፈቅድበት ቀን ለመሄድ ምክንያት ይሰጣል፤ ሰዎችም መቅረትዎን ስለሚያስተውሉ ይደውሉልዎታል። መቅረት ግድ ሲሆን ቁልፉን ለሌላ አባል አስረክበው ይንገሩት፤ በሚጓዙበት ቦታ ያለውን ስብሰባም ከመነሣትዎ በፊት ይፈልጉ።